የዘገየው ማን ነው?

ዓርብ ማታ ነበር፤ የወጣቶች ጸሎት ላይ ነን። ሩቅ ያሉ ልጆቻችን በዙም እንዲገቡ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ላፕቶፕ ተከፍቷል። ከገቡት አንዷ ለስድስት ዓመት በመዘምራን ቡድናችን ያገለገለች እኅት ናት፤ አሁን ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። የቤቱ ልጆች እስኪተኙ ጠብቃ፣ ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትዘምረው። መዝሙሩ ሲጀመር እርስዋም ጀመረች። ነገር ግን ድምፅዋ በስፒከሩ የሚደርሰን ከእኛ አንድ ቃል ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ድራም የሚመታው ወንድም ተደናገረ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሚክሰሩ አጠገብ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ከላፕቶፑ የሚመጣውን ድምፅ ዘጋሁት።

መዝሙሩ ወዲያው ተስተካከለ። ስክሪኑ ላይ ግን እኅታችን ዐይኗን ጨፍና አፏን ታንቀሳቅስ ነበር።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ መልእክት ላከችልኝ፦ "ድምፄ ይሰማ ነበር?" እኔም "አዎ፣ ተባርከናል" ብዬ መለስኩላት።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። ውሸት መሆኑን ለማወቅ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ መሆን ስለማያስፈልግ ስለ ውሸቱ ብዙ አልልም። ሲያብሰለስለኝ የቆየው ከውሸቱ በፊት ያደረግሁት ነው። ድምፅዋን መዝጋቴ በራሱ ስህተት ነበር ወይ? ቢከፈት መቶ ሰው ይረበሻል፤ ቢዘጋ መቶ ሰው ተረጋግቶ ያመልካል፤ የሚጎድለው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አብዛኞቻችሁ እኔ ያደረግሁትን የምታደርጉ ይመስለኛል። በየአጥቢያችሁ ሚክሰር ላይ የምታገለግሉማ ሳታደርጉትም አልቀራችሁም።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ብዙ ጊዜ "ኔትወርክ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ኔትወርክ ከሆነ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ይስተካከላል፣ እስከዚያው እኛን የሚመለከት ነገር የለም። ከፊሉ እውነት ነው። ሌላው ከፊል ግን ምንም ዓይነት ኔትወርክ አያስተካክለውም።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው፤ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። በትልቅ አዳራሽ ከድራሙ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ምቱን የሚሰማው 60 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። የኋለኛው ወንበር ጭብጨባ ከመድረኩ ጋር አልገጥም የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። (የኋላ ወንበር ሰዎችን "ምት አታውቁም" እያላችሁ የምትቆጡ አምልኮ መሪዎች ይቅርታ ብትጠይቁ አይከፋም።) ሙዚቀኞች አብረው ሲጫወቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ የሚደርስ መዘግየት ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል። ከዚያ ሲያልፍ ምቱ መንሸራተት ይጀምራል።

በፋይበር ኬብል ውስጥ ደግሞ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከአጥቢያችን ደጃፍ እስከ ዋሽንግተን አንድ ቀጥ ያለ ኬብል ለእኛ ብቻ ቢዘረጋልን እንኳ ድምፃችን እዚያ ለመድረስ ከ55 ሚሊሰከንድ ያላነሰ ይፈልጋል። ይህን በገንዘብም በተሻለ ስልክም መቀነስ አይቻልም፤ እግዚአብሔር ለብርሃን የሰጠው ልክ ነው። ዱባይ ቀረብ ትላለች፤ 2500 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቀጥተኛ መንገድ ቢኖር 13 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃ ነበር፤ በአንድ መድረክ ላይ አራት ሜትር ተራርቆ እንደ መቆም ነው። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ይወጣል፤ ዙም ድምፁን ወደ ራሱ ሰርቨር ወስዶ ያከፋፍላል፤ ዋይፋዩም፣ ስልኩም፣ ላፕቶፑም ድምፁን ትንሽ ትንሽ ይዘው ያቆዩታል። በዚያ ላይ ዙም የተሠራው ለንግግር ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ድምፅ ሲያሰማ አንዱን ለማፈን ይሞክራል፤ የተራዘመ የኪቦርድ ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊቆርጠው ይችላል። ለሙዚቃ ተብለው የተሠሩ እንደ ጃክትሪፕና ጃሙለስ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ለተገናኙ፣ በአንድ ከተማ ወይም በአቅራቢያ ላሉ ሰዎች በሚገባ ይሠራሉ። ርቀትን ግን እነርሱም አያጠፉም።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከዚያ ዓርብ በኋላ ነው። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ከአንድ ወንድም ጋር ከተጣላሁ በኋላ ነበር።

ይህ ወንድም ድሮ ኪቦርድ ይጫወትልን የነበረ ነው፤ አሁን ዋሽንግተን ይኖራል። አንድ ቅዳሜ እኔ ቤዝ ጊታር፣ እርሱ ኪቦርድ ይዘን አብረን ለመጫወት ሞከርን። የመረጥነው ሁላችሁም የምታውቁትን ዓይነት፣ ሰው ተነሥቶ የሚያጨበጭብበት ችክችካ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ይሆናል፤ ምቱ ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፋይ 167 ሚሊሰከንድ ነው። የእኛ መስመር ደርሶ መልስ ስንለካው 230 ገደማ ነበር። አንድ ክፋይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሌላው ተጀምሯል ማለት ነው። ከአራት መስመር በኋላ ቆምን። "እየዘገየህ ነው" አለኝ። "እኔ በምቱ ላይ ነኝ፤ የምትዘገየው አንተ ነህ" አልኩት። እንደገና ሞከርን። እንደገና ተወቃቀስን። አብረን የጾምንና የጸለይን ሰዎች በመጨረሻ በቁጣ ስልክ ልንዘጋጋ ምንም አልቀረንም ነበር።

ከዚያ ሁለታችንም በየበኩላችን የሰማነውን በስልክ ቀድተን ተላላክን። በእኔ ቅጂ ላይ እርሱ በግልጽ ዘግይቷል። በእርሱ ቅጂ ላይ እኔ በግልጽ ዘግይቻለሁ። ሁለቱም ቅጂዎች እውነተኛ ናቸው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ምት አልሳተም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። በመካከላችን ርቀት ሲኖር እኔ የራሴን መዘግየት ፈጽሞ ልሰማው አልችልም። የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ሁልጊዜ በሰዓቱ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣው ሁልጊዜ የሌላው ነው። ወዲያ ማዶ ያለውም እንዲሁ ነው የሚሰማው። ይህን ሳውቅ ያ ዓርብ ትዝ አለኝ። አዳራሹ ሙሉ "ዘገየች" ብሎ ነበር፤ እኔም ዘገየች ብዬ ዘጋኋት። እርስዋ ግን በስልኳ የሚደርሳትን መዝሙራችንን ተከትላ፣ ምት ሳትስት ነበር የምትዘምረው። በእርስዋ ጆሮ ሁላችንም አንድ ላይ ነበርን።

እንግዲህ ምን አማራጭ አለን? ሁለቱም ወገን ቢጠባበቁስ? ይህ መንፈሳዊ ይመስላል፤ አይሠራም። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ቻፍና ባልደረቦቹ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው በተለያየ ክፍል አስቀምጠው፣ በመካከላቸው ያለውን መዘግየት እየለዋወጡ አብረው እንዲያጨበጭቡ አድርገው ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ቀርቧል። መዘግየቱ ሲጨምር ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄደ። አንዱ የሌላውን እጅ ይጠብቃል፣ ሌላውም የእርሱን ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ መዘግየቱ ከ11 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያንስ ጭብጨባው እየፈጠነ ሄዷል። ጥቂት ርቀት ሰውን ሳያሰክነው አይቀርም። ይህን ለእጮኛሞች ክፍል ማስተማሪያ እንዳላደርገው ራሴን እየገታሁ ነው።

ሁለቱም መጠባበቃቸው ካልሠራ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። እኛ ብንመራና እርስዋ ብትከተል ለእርስዋ የተስተካከለ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ድምፅዋ ዘግይቶ ይመጣል። እርስዋ ብትመራና እኛ ብንከተል በአዳራሹ የሚሰማው ያማረ ይሆናል፤ እርስዋ ግን የእኛን ዘግይታ ስለምትሰማ ወይ ትደናገራለች ወይ ጆሮዋን ዘግታ ብቻዋን ትዘምራለች። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ የተስተካከለ መዝሙር የሚሰሙበት መንገድ የለም። መዘግየቱን አንዱ ይሸከመዋል። ማስወገድ አንችልም፤ ማን እንደሚሸከመው ግን እንመርጣለን። እኔ ያን ዓርብ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ምርጫ መሆኑንም ሳላውቅ መረጥኩ፤ ሸክሙን በእርስዋ ላይ አድርጌ፣ ሸክሙ እንዳይታየን ደግሞ ድምፁን ዘጋሁት።

አንዳንዶቻችሁ ሁለተኛ ዜና ምዕራፍ 5ን ልታነሡብኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ እኔም ለመዘምራን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። መለከት ነፊዎቹና መዘምራኑ እንደ አንድ ሆነው ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ የእግዚአብሔር ክብር ቤቱን ሞላው። ስለዚህ ለጌታ የሚቀርብ ነገር ጥራት ይኑረው፣ አንድ ድምፅ ይሁን፣ የሚያፈርሰው ነገር ይወገድ እንላለን። ስለ ጥራቱ እስማማለሁ። ሳይለማመዱ መድረክ መውጣትን "በመንፈስ ነው" ብሎ መሸፈን ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች አንዱ ነው። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ያ ድምፅ ከመሰማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በቸልታ የማልፈው የነበረ አንድ ነገር ተጽፏል። በዚያ ቀን ካህናቱ በየክፍላቸው ተራ አልነበረም፤ የተገኙት ሁሉ ነበሩ የተቀደሱት። አንድ ድምፅ የተሰማው ተራህ አይደለም ተብሎ የቀረ ሰው በሌለበት ቀን ነው። የማይገጥመውን ቆርጦ የሚገኝ አንድነትም አንድነት ይባል ይሆናል፤ የዚያ ቀኑ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 የሚገሥጻቸውንም አስቡ። ቀድመው የመጡት ሌላውን ሳይጠብቁ እራታቸውን ይበሉ ነበር። ዘግይተው ይደርሱ የነበሩት ምናልባት ባሪያዎችና የሰው ቤት ሠራተኞች፣ ጊዜያቸው በእጃቸው ያልሆነ ሰዎች እንደነበሩ ብዙ ተርጓሚዎች ያስባሉ። ጳውሎስ ለዘገዩት "ፍጠኑ" አላላቸውም። ያዘዘው ቀድመው የደረሱትን ነው፤ እንዲጠብቁ።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ "ለምን እንዲህ እንቸገራለን? እያንዳንዱ በየቤቱ ይቅዳና አንድ ላይ ይቀናበር" ይለኝ ይሆናል። የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ መሰብሰብ ሲከለከል ስንቶቻችን በዚህ መንገድ አልተጽናናንም? ስክሪኑ በትንንሽ መስኮቶች ይከፈልና በየመስኮቱ አንድ ፊት ይታያል። ኤሪክ ዊታከር የተባለ አሜሪካዊ የዜማ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ12 አገሮች የ185 ሰዎችን ድምፅ በዚህ መንገድ አንድ ላይ አድርጎ ለዓለም አሰምቷል። እንዲህ ዓይነት ሥራዎችን እወዳለሁ። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ማንም ማንን አልሰማም። እያንዳንዱ ብቻውን፣ ከፊቱ ያለውን ቪዲዮ ተከትሎ ዘመረ፤ አንድ ያደረጋቸው ያቀናበራቸው ሰው ነው። አጠገቤ ያለው ወንድም ትንፋሽ ቢያጥረው እኔ ጠብቄ አልደግፈውም። እኔም ብስት የሚመልሰኝ የለም፤ ከስሕተት የጸዳውን እስካገኝ ደግሜ ደጋግሜ እቀዳለሁ። ይህ እንደ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ መልካም ነገር ነው፤ ዮሐንስ ግን በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ብዙ የሚጽፈው እያለው በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው አልወደደም፤ መጥቶ ፊት ለፊት ሊያነጋግራቸው ተስፋ አደረገ። የተቀናበረውን ቪዲዮ ስጦታ ብላችሁ ጥሩት፤ እኔ አብሮ መዘመር አልለውም። አብሮ መዘመር የምለው ሌላው ሰው መዝሙሬን መሃል ላይ ሊለውጠው ሲችል ነው። ሲያዘገየኝም ጭምር።

ከሁለት ወር በኋላ ለእኅታችን ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። "ያን ቀን ድምፅሽን ዘግቼው ነበር፤ ዋሽቼሻለሁ።" ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ "አውቄ ነበር" አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። "ሌላ ጊዜ የራሴ ድምፅ ከአዳራሹ ዘግይቶ ይመለስልኝ ነበር። ያን ቀን አልተመለሰም።"

ስታውቅ ነው እንግዲህ እስከ መጨረሻው የዘመረችው። ዐይኗን ለምን ጨፍና እንደነበር ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። "በቅርብሽ ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ" እያልን የምንመክራት ሁሉ የዕረፍት ቀኗ እንደ አሠሪዎቿ ፈቃድ የሚቀያየር መሆኑን አስበነው አናውቅም።

ለመዘምራን ኃላፊያችን ጉዳዩን ነገርኳቸው፤ ምንም ቴክኒክ ሳይጠይቁ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ "ድሮ እኮ ከበሮ ሳይኖረን አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ነበር የምንዘምረው።" የምፈልገው መልስ እሱ ነበር። በመቀባበል ሲሆን ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ ስለማይዘምር መዘግየቱ ምቱን አያፈርስም፤ ወደ ዝምታ ይለወጣል። እርስዋ አውጥታ ስትጨርስ እኛ ወዲያው እንቀበላለን፤ ዝምታው ለእርስዋ ነው የሚሰማት። እኛ ስንጨርስ እርስዋ ወዲያው ትቀጥላለች፤ ዝምታው ለእኛ ነው የሚሰማን። እያንዳንዱ ከራሱ ዝማሬ በኋላ ትንሽ ይጠብቃል። ሸክሙ እኩል ለሁለት ተከፈለ።

ዋጋ አለው፤ አልደብቃችሁም። ችክችካ በዚህ መንገድ አይዘመርም። ድራመሩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አንድ ወጣት በግምገማ ላይ "ፕሮግራሙ ቀዘቀዘ" ብሏል፤ ልክ ነው፣ ቀዝቅዟል። ስለዚህ በየሳምንቱ በዚህ መንገድ የምንዘምረው አንድ መዝሙር ብቻ ነው፤ ያወጣጡም ተራ ሁልጊዜ ከሩቅ ላለው ሰው ነው። በሌሎቹ መዝሙሮች ጊዜ ድምፃቸውን እንዘጋለን፤ ስንዘጋ ግን "አሁን እንዘጋለን" ብለን እንነግራቸዋለን። ይህ የተሟላ መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላ አጥቢያ የተሻለ መንገድ ካለው ብንማር ደስ ይለናል።

ባለፈው ዓርብ ተራው የእኅታችን ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አወጣች፣ ተቀበልናት። ሁለተኛውን አወጣች፣ ተቀበልናት። ሦስተኛው ላይ ዝምታው ከወትሮው ረዘመ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሕፃን "ጠፋች እንዴ?" ብሎ እናቱን ጮክ ብሎ ጠየቃት። ሚክሰሩን አየሁ፤ ክፍት ነው። ማንም ቀድሞ አልጀመረም። ጠበቅን።